ለትንሽ ጉባኤ የሚሆኑ ዘፈኖችን ስለ መምረጥና በሥርዓት ስለ ማሰናዳት

ሠላሳ ወይም አርባ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ክራር፣ በአንድ ማሲንቆ፣ በአንድ ከበሮና በአንድ ድምፃዊ የዘፈን ምሽት ለማድረግ ያሰቡ እንደ ሆነ፣ ከሁሉ ይልቅ ጊዜና ትዕግሥት የሚጠይቅዎ የአዳራሹ ኪራይ ወይም የመሣሪያው ዝግጅት ሳይሆን የዘፈኖቹ ምርጫ መሆኑን አስቀድመው ይወቁት። አዳራሹ ቢጠብ ወንበር ይቀነሳል፤ መሣሪያ ቢጎድል ከወዳጅ ይዋሱታል፤ ያለ ቦታው የገባ ዘፈን ግን አንድ ጊዜ ከተጀመረ እስከ ፍጻሜው መታገሥ ግድ ነው፤ የተበተነውንም የታዳሚ ልብ መልሶ ለመሰብሰብ ሁለትና ሦስት ዘፈን ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ሙዚቀኞች በየግላቸው የሚወዷቸውን ዘፈኖች በአንድ ወረቀት ላይ ደርድረው ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። እኔ የማምነው ግን ምሽቱ ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ መጨረሻው ጭብጨባ እንደ አንድ ድርሰት መቆጠር እንዳለበትና፣ እያንዳንዱ ዘፈን በብቻው ስላለው ውበት ብቻ ሳይሆን በዚያ ድርሰት ውስጥ ስለሚይዘው ስፍራ መመረጥ እንደሚገባው ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚህ እምነት የመነጨ ነው።

ይህን አሳብ ከሩቅ አገር መዋስ አያስፈልገንም። በ6ኛው መቶ ዘመን የተነሣው ሊቅ ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ድጓ የዓመቱን አዝማናትና በዓላት ተከትሎ የተሰናዳ ነው፤ ለዐቢይ ጾም የሚሆነውም ጾመ ድጓ ተብሎ ለብቻው ተለይቷል። ከዚህም በላይ በማኅሌቱ የቆመ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ቃሉ በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ መዘምራኑ መቋሚያቸውን እያነሡና እየጣሉ በዝማሜ ያዜሙታል፤ ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ገብተው መረግድ ይሆናል፤ በመጨረሻም ምቱ እየፈጠነ በጽፋት ከጭብጨባና ከእልልታ ይደርሳል። የተቀደሰውን ሥርዓት ከዓለማዊ ዘፈን ጋር ለማስተካከል ይህን አላነሣሁም፤ የማኅሌቱ ክብር ለብቻው ነው። ሆኖም ሰውን ከጸጥታ ወደ ሐሤት በደረጃ፣ ያለ መናወጥ፣ ይዞ የሚያወጣው ያ ጥበብ ዘፈን ለሚያሰናዳ ሰው ሁሉ ትልቅ ትምህርት ስለሆነ፣ በዝግጅትዎ ጊዜ በኅሊናዎ ያኑሩት።

እንግዲህ ገና አንድም ዘፈን ሳይጽፉ፣ የሚመጡት እነማን እንደ ሆኑ፣ ምሽቱ በምን ወራት እንደሚውልና ሰዎቹ ለምን እንደሚሰበሰቡ ይጠይቁ። ባለቤቱን ወይም ጋባዡን ጠጋ ብለው ያነጋግሩ፤ ዕድሜያቸውን፣ አብዛኞቹ የየት አገር ተወላጆች እንደ ሆኑ፣ ከመካከላቸው በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ሰው እንዳለ ይረዱ። ልጁን የቀበረ አባት ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሳለ የመለያየት ዘፈን ማከታተል ጭካኔ ነው፤ ባያውቁ እንኳ ጭካኔነቱ አይቀርለትም። ምሽቱ ከመስከረም 1 ወይም ከመስከረም 17 አጠገብ ቢውል፣ የአበባየሆሽ ወይም የእዮሃ ዜማ በመግቢያው ላይ ቢሰማ ሁሉም ሳይነገረው አብሮ ይቀበላል፤ ያው ዜማ በግንቦት ቢመጣ ግን ያለ ወራቱ የመጣ እንግዳ ይሆናል። ሠርግ እንኳ በማይደገስበት በዐቢይ ጾም ወራት፣ ብዙዎቹ ታዳሚዎች ጾመኞች ከሆኑ፣ ቀኑን ማስተላለፍ ከሁሉ የተሻለ ነው። አንዳንድ ሰው ጾሙን ያከበረ መስሎት ከዘፈኑ መካከል አንድ የበገና ዝማሬ ያስገባል፤ ይህን አልመክርም። በገና ለጸሎትና ለተመስጦ የተለየ መሣሪያ ነውና፣ ከጭፈራ በፊትና በኋላ ሲገባ ዝማሬውም ዘፈኑም ሁለቱም ይጎዳሉ።

በውጭ አገር፣ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ፣ ለወገኖቻችን የሚያሰናዱ ከሆነ ደግሞ፣ ከወላጆቻቸው አጠገብ የሚቀመጡት ልጆች የግጥሙን ጥልቅ ነገር ላይረዱት እንደሚችሉ ያስቡ፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ዘፈኖች አዝማቻቸው አጭርና ወዲያው የሚያዝ፣ እጅ የሚያስጨበጭብ ይሁን።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን መዝገብ ያዘጋጁ። ለአንድ ሰዓት ተኩል ምሽት ከዘጠኝ ወይም ከዐሥር ዘፈን በላይ አያስፈልግዎም፤ ነገር ግን ሃያ አምስት ያህል ይጻፉ፤ መምረጥ የሚቻለው የሚጣል ሲኖር ነውና። እያንዳንዱን ዘፈን በአንድ ወረቀት ላይ በተርታ ከመጻፍ ይልቅ በየብቻው በትንንሽ ቁራጭ ካርቶን ላይ ይጻፉት። በካርቶኑ ላይ የዘፈኑ ስም፣ ቅኝቱ፣ የድምፃዊው መነሻ ድምፅ፣ ምቱ፣ ግጥሙ የሚናገርበት ጉዳይ፣ ርዝመቱና የሚጀምረው መሣሪያ ይመዝገብ። እነዚህን ካርቶኖች በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እያነሡና እያኖሩ ሲመለከቱ፣ በተርታ ዝርዝር ውስጥ ፈጽሞ የማይታይ ነገር ይታይዎታል፤ ለምሳሌ አምስት የመለያየት ዘፈን በተከታታይ መሰለፉ፣ ወይም ማሲንቆው ሦስት ጊዜ ያለ ዕረፍት መጀመሩ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

አሁን መቀነስ ይጀምሩ። የመጀመሪያው ሚዛን የድምፃዊው ጉሮሮ ነው። ድምፃዊው ዘፈኑን በማለዳ፣ ብቻውን፣ ሳይደክም መዝፈን መቻሉ ማስረጃ አይሆንም፤ በልምምድ መጨረሻ፣ ሰባትና ስምንት ዘፈን ከተዘፈነ በኋላ፣ የዘፈኑን ከፍተኛ ስፍራ ብቻ ለይቶ እንዲያዜመው ይጠይቁት። ያን ጊዜ ድምፁ ከተሰነጠቀ ወይም አንገቱ ከተገተረ መነሻውን ዝቅ ያድርጉለት፤ ዝቅ ሲል ደግሞ የታችኛው ስንኝ የማይሰማ ከሆነ ዘፈኑ ለእርሱ አልተፈጠረምና ሳያዝኑ ካርቶኑን ያንሡት። በሴት ድምፅ የታወቀን ዘፈን ወንድ ሲዘፍነው፣ ወይም በወንድ የታወቀውን ሴት ስትዘፍነው፣ መነሻው መለወጡ ግዴታ ስለሆነ ይህን ለክራር ተጫዋቹ፣ ዋሽንትም ካከሉ ለባለዋሽንቱ፣ በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው። በተለይ ዋሽንት አንድ ጊዜ ተበስቶ ከተሠራ በኋላ እንደ ክራር የሚቃኝ ስላልሆነ፣ ባለዋሽንቱ ለየመነሻው ልክ የሆነ ሌላ ዋሽንት ይዞ መምጣት አለበት።

ሁለተኛው ሚዛን የዘፈኑ የራሱ ጽናት ነው። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራና በመሰሎቹ ታጅበው፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ለመሰለ ሰፊ መድረክ የተዘፈኑ ብዙ ሠናይ ዘፈኖች አሉን፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ግን ግማሽ ሕይወታቸው ያለው ድምፃዊው ትንፋሹን ሲሰበስብ መልስ በሚሰጡት በመለከቶቹና በሳክስፎኖቹ ላይ ነው። እነዚያ መልሶች ሲነሡ ዘፈኑ ክፍተቱ ይበዛል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ድምፃዊው ዘፈኑን በጭብጨባ ብቻ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዚመው። በዚያ ዕርቃኑ ቆሞ ልብ ከያዘ ይመረጥ፤ ክፍተቱ ጎልቶ ከታየ ግን መልሱን ማሲንቆው ሊወስደው ይችል እንደ ሆነ ይሞክሩ፤ ካልተቻለም ይለፍ። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ከአንድ ክራር በቀር ሌላ አጃቢ ሳይሹ ያዜሟቸውን ቅጂዎች ያዳመጠ ሰው፣ ለትንሽ ጉባኤ የሚሆን ዘፈን ምን ያህል ጥቂት ነገር እንደሚበቃው ይገነዘባል፤ ድምፃዊው ዝም ሲል ዝምታው ራሱ ዘፈኑን ይሸከመዋል። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላን ከአንደበት ወደ ሳክስፎን አሻግሮ ባሕርዩን ሳያጠፋ መጫወቱ፣ ዜማ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በክብር ሊዛወር እንደሚችል ያረጋግጣል፤ እርስዎም በተቃራኒው መንገድ ከመለከት ወደ አንድ ጭራ ቢያሻግሩት የተከለከለ አይደለም።

ሦስተኛውና እኔ ብዙ ጊዜ እንዲሰጡት የምለምንዎ ሚዛን ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ፣ የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። ምሽቱን በሙሉ በአንድ ቅኝት የሠራ ቡድን፣ ዘፈኖቹ ምንም ያማሩ ቢሆኑ፣ ከአምስተኛው ዘፈን በኋላ የታዳሚው ጆሮ ሲፈዝዝ ያያል፤ ታዳሚው ምክንያቱን ባይለይም ሰዓቱን መመልከት ይጀምራል። በሌላ በኩል በየዘፈኑ ቅኝት የሚለዋውጥ ቡድን፣ ክራሩ በየጊዜው ሲጠመዘዝና ሲነካካ ሕዝቡ ወሬውን ይጀምርበታል። ከሁለቱም ጥፋት የሚያድን መንገድ በአውታሮቹ ውስጥ ተሰውሮ አለ፤ እርሱንም በዝርዝር ላሳይዎ።

ክራሩን ሙዚቀኞች ትዝታ ሜጀር በሚሉት፣ ማለት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለው ይቃኙት። በዚሁ ቅኝት የትዝታ ዘፈኖችዎን ይዝፈኑ። አሁን አንድም አውታር ሳይነኩ ድምፃዊው መነሻውን ከዶ ወደ ላ ቢያዛውር፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይሆናል፤ ይህም ባቲ ማይነር የሚባለው ራሱ ነው። ሁለት ቅኝት በአንድ መቃኛ አገኙ ማለት ነው። ባቲ ሜጀር የሚባለው ግን ሌላ አወቃቀር ስላለው በዚህ መንገድ አይገኝም፤ ሁለቱን እንዳያምታቱ። ቀጥለው ሚንና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጉ፤ ክራሩ ትዝታ ማይነር ሆነ። በዚህም ላይ እንደ ቀድሞው አውታር ሳይነካ መነሻው ከዶ ወደ ሶል ቢዛወር አምባሰል ይወጣል። በመጨረሻም አምባሰሉ ላይ እንደ ቆሙ፣ ከመነሻው ሶል ሲቆጠር አራተኛ የሆነውን ሬን በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ አምስተኛ የሆነውን ዝቅ ያለውን ሚ ደግሞ በግማሽ ድምፅ ከፍ ቢያደርጉ፣ አንቺሆዬ ይሆናል። እንዲህ አድርጎ የሚያሰናዳ ሰው በአንድ ምሽት አራቱንም ቅኝቶች ሲያሰማ ክራሩን የሚቃኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ነገር ግን መነሻው ሲዛወር ዘፈኑ ለድምፃዊው ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል አይርሱ፤ ከዶ ወደ ላ የወረደ ባቲ ለአንዱ ድምፅ ሲስማማ ለሌላው ከጉሮሮው በታች ይቀራል። ስለዚህ ከላይ ያልሁትን በጠረጴዛ ላይ በአሳብ ብቻ ሳይሆን በልምምድ ድምፃዊው አጠገብዎ ተቀምጦ ይሞክሩት፤ የመጀመሪያውንም ዶ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው ለሁለቱም ዘፈኖች የሚመች ስፍራ ይፈልጉለት። የአንድ ዘፈን ስሜት ከዚህ ተራ ውጭ በሌላ ቦታ መቆሙ ግድ ከሆነ ደግሞ፣ ተቃኝቶ የተቀመጠ ሁለተኛ ክራር ከጎን ማኖር ይቻላል፤ እንዲህ ያለውን ልዩነት ግን ከአንድ ጊዜ በላይ አያብዙት።

ክራሩ በሚቃኝባቸው በእነዚያ ሁለት መጋጠሚያዎች ላይ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መወሰን የምርጫው አንድ ክፍል ነው። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ያለውና ጣት በሚያርፍበት ስፍራ ሁሉ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ ስለሆነ፣ ክራሩን ሳይጠብቅ ከየትኛውም ቅኝት ወደ ሌላው ይሻገራል። ስለዚህ በመጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ በማሲንቆ ብቻ የሚታጀብ ዘፈን፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ ምት የሌለው ቀረርቶ ወይም ሽለላ ያስገቡ። ባለክራሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለስ አድርጎ ጆሮውን ከአውታሩ አስጠግቶ ቀስ ብሎ ሲቃኝ፣ የሕዝቡ ዓይን ከባለማሲንቆው ላይ አይነሣም፤ ማንም የተቋረጠ ነገር እንዳለ አያውቅም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ በማሲንቆው የሚዘፈነው ዘፈን የሚያበቃበት መነሻ ድምፅ ክራሩ ሊቃኝበት ከሚፈልገው ጋር የተስማማ ይሁን፤ አለዚያ ባለክራሩ አንዱን እየሰማ ሌላውን መቃኘት ይቸግረዋል።

ስለ ምት የምናገረው አጭር ነው። ችክችካው ሲመታ ትከሻ ሳይታዘዝ ይነሣል፤ ነገር ግን ከሦስት በላይ የችክችካ ዘፈን በተከታታይ ከሄደ፣ የቆመው ሰው ይደክማል፣ የተቀመጠው ደግሞ ራሱን እንደ ተረሳ ይቆጥራል። በመካከል አንድ ልቅ የሆነ፣ ከበሮው ዝም የሚልበት ዘፈን ይግባ። ከበሮ መቺውም ትንሽ አዳራሽ መሆኑን አውቆ በመዳፉ ሳይሆን በጣቶቹ የሚመታባቸውን ዘፈኖች በካርቶኑ ላይ ምልክት ያድርግባቸው፤ በጠባብ ግድግዳ መካከል ከበሮ ማሲንቆን በቀላሉ ይውጠዋልና።

ከቅኝት ቀጥሎ ልብዎን እንዲያሳርፉበት የምፈልገው ግጥሙ ነው። በታላቅ አዳራሽ ውስጥ ግጥም ግማሹ በማስተጋባት ይጠፋል፤ በትንሽ ጉባኤ ግን እያንዳንዱ ስንኝ፣ የፊደሉ መጥበቅና መላላት ሳይቀር፣ እስከ መጨረሻው ወንበር ይደርሳል። ሰምና ወርቅ ያለው ዘፈን የሚከብረው በእንዲህ ያለው ስፍራ ነው፤ ድምፃዊው ሰሙን ሲጥል ሰው ፈገግ ይላል፤ ወርቁ የገባው አንድ ሽማግሌ ከጥግ «እሰይ» ሲል የቀረውም ወደ ኋላ ተመልሶ ይመረምራል። ስለዚህ ከሁለት እኩል ዜማዎች መካከል መምረጥ ሲቸግርዎ ግጥሙ የበለጸገውን ይምረጡ። ግጥሞቹን ሁሉ ያለ ዜማ፣ እንደ ንባብ፣ በተርታ ጮክ ብለው ያንብቧቸው፤ «ዓይንሽ» እና «ፍቅርሽ» ብቻ ሲመላለሱ ከሰሙ ከመዝገብዎ ውስጥ አገር፣ እናት፣ ወንዝ፣ ሥራ፣ ጀግንነት ወይም ወዳጅነት የሚናገር ዘፈን ጎድሏል ማለት ነው።

የሕዝቡም አፍ ስፍራ ይኑረው። በአዝማሪ ቤት ልማድ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ያንኑ በዜማ መልሶ ያወርደዋል፤ ሰጪውም ተቀባዩም በዚያች ደቂቃ አንድ ይሆናሉ። ባለማሲንቆዎ ይህን የለመደ ሰው ከሆነ፣ ከመካከለኛው ዘፈኖች አንዱ አዝማቹ አጭር፣ ዜማው ለማንኛውም ስንኝ የሚለጠጥ ይሁንና ለተቀበል ክፍት ይደረግ። በፕሮግራሙ ላይ ለዚህ ዐሥር ደቂቃ ይመድቡ። ስንኝ የሚሰጥ ባይነሣ እንዳያፍሩ፣ ከቡድኑ ወዳጆች አንዱ ሁለት ስንኝ አዘጋጅቶ በሕዝቡ መካከል ቢቀመጥ መልካም ነው፤ አንዱ ከጀመረ ሌሎቹ ይከተላሉ። ባለማሲንቆው ግን ለዚህ ያልተፈጠረ ሰው ከሆነ አያስገድዱት።

ከአማርኛ ውጭ ባለ በሌላ የአገራችን ቋንቋ የሚዘፈን ዘፈን ማካተት ምሽቱን ያሰፋዋል፤ በአዳራሹ ላለው የዚያ ቋንቋ ተናጋሪም ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን ኦሮምኛም ሆነ ትግርኛ ወይም ጉራግኛ፣ ቋንቋውን ከእናቱ የተማረ ሰው ፊት ድምፃዊው ተቀምጦ ቃል በቃል፣ ትርጉሙንም አጠራሩንም ይማር። በጆሮ ብቻ ከቅጂ የተለቀመ ግጥም፣ ዜማው ምንም ቢያምር፣ ባለቋንቋውን ያሳዝናል። ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ከሌለዎ ዘፈኑን ለሚቀጥለው ምሽት ያቆዩት።

አሁን በእጅዎ ዐሥራ ሁለት ያህል ካርቶን ቀርቷል። የምደባውን ሥራ ከመጨረሻው ይጀምሩ። የመጨረሻው ዘፈን ሁሉም የሚያውቀው፣ ቆሞ የሚቀበለው፣ ድምፃዊው ደክሞ እንኳ ሕዝቡ የሚሸከመው ይሁን። ከዚያ የመጀመሪያውን ይምረጡ። የመጀመሪያው ዘፈን ከሁሉ የተወደደው መሆን የለበትም፤ ያን ጊዜ ገና ወንበር የሚስብ፣ ካፖርቱን የሚያወልቅ፣ ወዳጁን በእጁ የሚጠራ ሰው አለና። መካከለኛ ፍጥነት ያለው፣ ድምፃዊው ያለ ጭንቀት የሚያዜመው፣ መግቢያው በክራር ብቻ ረዘም ያለ ዘፈን እዚህ ላይ ይስማማል፤ ተጫዋቾቹም በዚያ መግቢያ ውስጥ የአዳራሹን ድምፅ ይመረምሩበታል። ሁለተኛው ዘፈን ጆሮን የሚሰበስብ፣ ግጥሙ የጠራ ይሁን። ከሁሉ የከበደውን፣ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚሰማውን ዘፈን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ ያኑሩት፤ ጉባኤው የጸጥታን ጣዕም ያወቀው፣ ድካም ደግሞ ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነውና። ትዝታን በዚህ ስፍራ ማስቀመጥ የብዙዎች ልማድ ነው፤ እኔም እስማማበታለሁ፤ ነገር ግን ከትዝታው በኋላ ወዲያው ወደ ጭፈራ አይዝለሉ። ያለቀሰ ሰው ፊቱን የሚጠርግበት አንድ ዘፈን ይሰጠው፤ ከላይ ያልሁት በአንድ መቃኛ ከትዝታ ወደ ባቲ መሻገር ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው። ከስድስተኛው ጀምሮ ምቱ በየደረጃው ይነሣ፤ በመካከሉ ያን አንዱን ልቅ ዘፈን አስገብተው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ፍጻሜው አያውርዱት።

ርዝመቱን ሲያሰሉ በቅጂው ላይ ያለውን ጊዜ አይመኑ። በቅጂ አምስት ደቂቃ የሆነ ዘፈን በጉባኤ ፊት መግቢያው ሲረዝም፣ አዝማቹ ሲደጋገም፣ እስክስታ የወረደ ሰው እስኪጠግብ ሲጠበቅ፣ ሰባትና ስምንት ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ዘጠኝ ዘፈን አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል፤ የቀረው ለሰላምታ፣ ለማስተዋወቅና ለተቀበል ነው። ከተረፉት ካርቶኖች አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዝግ ያለ፣ ሁለት ዘፈን በተጠባባቂነት ይያዙ፤ እነርሱም እንደ ሌሎቹ እኩል ይለመዱ።

የሚዘፍኑት ደራሲው የታወቀ ዘፈን ከሆነ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሕዝብ ማቅረብን ከደራሲው መብቶች አንዱ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ በተለይ የመግቢያ ዋጋ ካስከፈሉ፣ ፈቃዱን አስቀድመው ይጠይቁ። ዘፈኑንም ሲያስተዋውቁ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ ስም ይጥሩ፤ የድምፃዊው ስም ብቻ ሲጠራ ደራሲው በገዛ ሥራው ላይ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ዝርዝሩ ከጸና በኋላ ሙሉውን ምሽት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለማመዱት፤ አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ማጥናት ከዚህ የተለየ ሥራ ነው። በዚህ ልምምድ የሚያጠኑት መጋጠሚያዎቹን ነው፤ አንዱ ዘፈን ሲያበቃ ቀጣዩን ማን እንደሚጀምር፣ ድምፃዊው ውሃ የሚጠጣው መቼ እንደ ሆነ፣ ክራሩ ሲቃኝ ማን ፊት እንደሚቆም። ከሙዚቃው ውጭ የሆነ፣ ግን ጆሮው ንጹሕ የሆነ አንድ ወዳጅ ከኋላ ተቀምጦ ልቡ የሸፈተበትን ስፍራ እንዲመዘግብ ይለምኑት። ምክንያቱን አይጠይቁት፤ ስፍራውን ብቻ ያሳይዎ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በዚያው ዘፈን ሳይሆን ከእርሱ በፊት በቆመው ላይ ስለሚገኝ፣ ሁለቱን ካርቶኖች አቀያይረው ደግመው ይሞክሩ።

በመጨረሻ የጸናውን ዝርዝር በትልልቅ ፊደል ጽፈው ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ ይስጡት፤ ከየዘፈኑ ስም አጠገብ ቅኝቱና መነሻው፣ ሁለቱ የመቃኛ ስፍራዎችም በቀይ መስመር ይታዩ። ተጠባባቂዎቹን ሁለት ዘፈኖች ከታች ለብቻቸው ይጻፏቸው። በምሽቱ አጋማሽ ላይ ሕዝቡ ካሰቡት ይልቅ ጸጥታ የፈለገ መስሎ ከታየዎ፣ ዝግ ያለውን ተጠባባቂ በአንዱ ፈጣን ዘፈን ስፍራ ይተኩት፤ ለተጫዋቾቹም የሚያሳዩት አንድ የእጅ ምልክት አስቀድመው ይስማሙበት። ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ «ይደገም» የሚል ድምፅ ከተነሣ ፈጣኑን ተጠባባቂ ይዝፈኑ፤ ካልተነሣም ሳይዘፍኑት መሣሪያውን ያስቀምጡና ወርደው ታዳሚውን ሰላም ይበሉ።